በጎዋ የተወቀጠው የማን ጥርስ ነበር? ስለ ካንዲው ቤተ መቅደስ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

በስሪላንካ ተራሮች መካከል በምትገኘው በካንዲ ከተማ ስላለው፣ የቡድሃ ጥርስ ስለሚጠበቅበት ስለ ሽሪ ዳላዳ ማሊጋዋ ቤተ መቅደስ የሚተርክ አንድ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ከርሟል። ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ ነው፤ አንባቢ መያዝንም ያውቁበታል። ስለ ቡድሃ ሃይማኖት በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ግን፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንድ ጊዜ በስፋት ከተነበበ በኋላ የማይነካ እውነት ሆኖ ይቀራል። በቤይሩትና በዱባይ ከስሪላንካ ሴቶች ጋር አብረው የሠሩ ወገኖቻችንም «ለካ እንዲህ ነው!» እያሉ ሲቀባበሉት አይቻለሁ፤ ዝም ማለት ያልሆነልኝም በዚህ ምክንያት ነው።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጠው። እውነተኛው ጥርስ በ1561 በህንድ ጠረፍ በምትገኘው በጎዋ በፖርቱጋሎች ተወቅጦ ጠፍቷል፤ ዛሬ ካንዲ ውስጥ ያለው የካንዲው ንጉሥ ቪማላዳርማሱሪያ ዙፋኑን ለማጽናት ያሠራው ምትክ ነው ይላል። ጥርሱ በ4ኛው መቶ ዘመን ከህንድ መጣ የሚለው ታሪክም በ13ኛው መቶ ዘመን የተፈጠረ ተረት እንጂ ቀደም ያለ ማስረጃ የለውም ይላል። ቡድሃ ራሱ ዐፅሙ እንዳይከበር ስላዘዘ ቤተ መቅደሱ የመሥራቹን ቃል የሚጥስ ነው። ሥፍራው የነገሥታት መሣሪያ ከመሆን ያለፈ ትርጉም አልነበረውም፤ «ጥርሱን የያዘ አገሪቱን ይገዛል» የሚለው እምነትም በ1815 ንጉሡ ጥርሱን እንደታቀፈ በእንግሊዞች በመማረኩ ከንቱነቱ ታይቷል። ቤተ መቅደሱ ከጥንት ጀምሮ ሲንሃላዎች (በብዛት የቡድሃ እምነት ተከታይ የሆኑት የአገሪቱ ብዙኃን) በታሚሎች (በብዛት ሂንዱ በሆኑት የአገሪቱ ሌላ ሕዝብ) ላይ ያላቸው የበላይነት ምልክት ነው። በመጨረሻም ጥርሱ በየዓመቱ በዝሆን ጀርባ ይዞራል እየተባለ ማንም እንዳያየው መደረጉ ከሣጥኑ ውስጥ ምንም አለመኖሩን ያሳያል ሲል ይደመድማል።

እኔ የቡድሃ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ስለ ጥርሱ ቅድስናም አልከራከርም። ክርክሬ ስለ ታሪኩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ከሆነው ከጎዋው ታሪክ ልነሣ። ድርጊቱ መፈጸሙን አልክድም። የፖርቱጋል ህንድ እንደራሴ ዶም ኮንስታንቲኖ ደ ብራጋንሳ በ1560 በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ የነበረውን የጃፍናን መንግሥት ሲወጋ ከምርኮው መካከል በወርቅ የተያዘ ጥርስ አገኘ። በዛሬዪቱ ምያንማር የነበረው የፔጉ ንጉሥ ባዪናውንግ ይህን ሲሰማ መልእክተኞች ልኮ ጥርሱን ለመግዛት እጅግ ብዙ ገንዘብ አቀረበ። ግምጃ ቤቱ ስለተራቆተ ብዙዎቹ መኳንንት ሽያጩን ወደዱት፤ የጎዋው ሊቀ ጳጳስ ዶም ጋስፓር ግን ጣዖት መሸጥ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ጉባኤ ተቀምጦም የእርሳቸው ሐሳብ ጸና። ጥርሱ በሙቀጫ ተወቀጠ፣ ዱቄቱ በከሰል እሳት ላይ ተጣለ፣ አመዱም ወንዝ ውስጥ ተበተነ። ይህን ሁሉ በዝርዝር ያቆየልን የፖርቱጋሎቹ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኮቶ ነው።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። የምንለያየው የተወቀጠው ጥርስ የትኛው ነበር በሚለው ላይ ነው። ጃፍና የሂንዱው አምላክ የሺቫ አምላኪ የሆኑ የታሚል ነገሥታት መንግሥት ነበረች፤ የሲንሃላ ነገሥታት የሚጠብቁት ጥርስ ግን ዛሬ ኮሎምቦ ባለችበት አካባቢ፣ በኮቴ ከተማ ነበር። የኮቴው ንጉሥ ዳርማፓላ በ1557 ካቶሊክ ሆኖ ሲጠመቅ ጠባቂዎቹ ጥርሱን ይዘው ወደ ደልጋሙዋ መሸሻቸውንና በዚያ በዳጉሳ ወፍጮ ድንጋይ ውስጥ መሸሸጋቸውን የሲንሃላ ትውፊት ይናገራል። ጸሐፊው ይህን «ምቹ ሰበብ» ብለው ያልፉታል። ይሁን፤ ትውፊቱን ለጊዜው እንተወውና ራሳቸው የተማመኑበትን ምስክር ብቻ እንጠይቅ።

ኮቶ ታሪኩን በጎዋ ሙቀጫ ላይ አልጨረሰም። ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ያለፉት ቀጣዩ ክፍል እንዲህ ይላል፦ ከዓመታት በኋላ ያው ባዪናውንግ ከዳርማፓላ ዘንድ ሚስት ፈለገ። ዳርማፓላ ሴት ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ የእልፍኝ አስከልካዩን ልጅ እንደ ንጉሥ ልጅ አስመስለው ላኩለት። እልፍኝ አስከልካዩም ከአጋዘን ቀንድ ጥርስ አስቀርጾ፣ በጎዋ የጠፋው ሐሰተኛ ነበር፣ እውነተኛው ይኸው ብሎ ለፔጉ መልእክተኞች አሳየ። ያ ጥርስ በ1576 በታላቅ ክብር ፔጉ ገባ። የካንዲው ንጉሥ ይህን በሰማ ጊዜ ደግሞ የተላከልህ የተሠራ ነው፣ እውነተኛው በእኔ እጅ ነው ሲል ላከበት፤ ባዪናውንግ ግን መታለሉን በአደባባይ ከማመን የደረሰውን ይዞ መቀመጥን መረጠ።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ቪማላዳርማሱሪያ የነገሠው በ1590ዎቹ ነው። የካንዲ ቤተ መንግሥት ጥርሱ በእጄ ነው ማለቱን ግን ኮቶ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ እንደተፈጸመ መዝግቦታል። ስለዚህ ጥርሱን የፈጠረው ቪማላዳርማሱሪያ ነው የሚለው ክስ በከሳሹ ዋና ምስክር ቃል ይወድቃል። በዚያ ላይ ከድርጊቱ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ጎዋ የነበረው ኔዘርላንዳዊ ተጓዥ ያን ፋን ሊንስሆተን የተቃጠለው የዝንጀሮ ጥርስ መሆኑን ጽፏል። የተወቀጠው ነገር ምን እንደነበረ እዚያው የነበሩ አውሮፓውያን እንኳ ካልተስማሙ፣ ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ እኛ «እውነተኛው ያ ነበር» ብለን የምንምለው በምን እርግጠኝነት ነው?

በሌላ በኩል ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ላስቀር አልፈልግም። የኮቴው ልዑል ቪዲዬ ባንዳራ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ ጃፍና ሸሽቶ በዚያው ተገድሏል፤ ከንብረቱ ጋር ጥርሱ አብሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት ከንቱ አይደለም። የኮቶ ዘገባና የደልጋሙዋው ትውፊትም እርስ በርሳቸው በደንብ አይገጥሙም። የእንግሊዙ ሹም ጄምስ ኤመርሰን ቴነንትም በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ የካንዲውን ጥርስ ርዝመቱ ሁለት ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ቀለሙን የለወጠና ጎበጥ ያለ የዝሆን ጥርስ ቁራጭ ነው ብሎታል፤ ይህም ለሰው ክራንቻ እጅግ ትልቅ ነው። ስለዚህ የካንዲው ጥርስ ከቡድሃ አፍ የወጣ ነው ብዬ አልከራከርም። የምለው የጎዋው እሳት ጸሐፊው የጫኑበትን ሸክም አይችልም ነው። አንድ ጥርስ ጠፍቷል፤ የትኛው እንደሆነ ግን እሳቱ አይናገርም።

የሁለተኛው ነጥብ ስሕተት ደግሞ በቀን ሊታይ የሚችል ነው። ጸሐፊው የሚጠቅሱት ዳታቫምሳ የተባለው፣ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ የተደረሰው ድርሳን በእርግጥም በ13ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ በንግሥት ሊላቫቲ ዘመን የተጻፈ ነው። በህንድ የነበረችው የካሊንጋ ልዕልት ሄማማላ ጥርሱን በፀጉሯ ሹሩባ ውስጥ ሸሽጋ ከባሏ ጋር ባሕር የተሻገረችበት ውብ ትረካ በዚህ መልክ የደረሰን ከዚያ ነው፤ ትረካው በዘመን ብዛት ያጌጠ መሆኑን ለመቀበል አላመነታም። ነገር ግን ከትረካው ማጌጥ ተነሥቶ ጥርሱ በደሴቲቱ አልነበረም ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ሌላ ነው።

ፋሺያን የተባለው ቻይናዊ መነኩሴ በ410 ገደማ ወደ ደሴቲቱ መጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጧል፤ ይህም ጥርሱ ደረሰ ከሚባልበት ከንጉሥ ሲሪሜጋቫና ዘመን መቶ ዓመት እንኳ አይርቅም። ያየውን እንዲህ ይተርካል፦ ጥርሱ ከመውጣቱ አሥር ቀን አስቀድሞ፣ ድምፀ መልካም የሆነ ሰው የንጉሥ ልብስ ለብሶ፣ ባጌጠ ዝሆን ላይ ተቀምጦ ከበሮ እየመታ ቡድሃ በቀደሙት ሕይወቶቹ ስለ ሌሎች ሲል የከፈለውን መሥዋዕት ያውጃል፤ ዓይኑን አውጥቶ መስጠቱን፣ ሥጋውን ለተራበች ነብር መተዉን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የእነዚያ አምስት መቶ ሕይወቶች ምስሎች በቀለም ተውበው ይቆማሉ። ከዚያ ጥርሱ በመካከላቸው አልፎ ወደ አብሃያጊሪ ገዳም ይወሰዳል፤ ዘጠና ቀን ተቀምጦም ወደ ከተማው ይመለሳል። ይህን የጻፈው የውጭ አገር ሰው ነው፤ የሲንሃላን ዙፋን የሚያጸናበት ምክንያት አልነበረውም። ጸሐፊው «ቀደም ያለ ማስረጃ የለም» ሲሉ ፋሺያንን አላነሡትም፤ ካላወቁት ጉድለት ነው፣ አውቀው ከተዉት ግን የባሰ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ፣ ሶፓትሮስ የተባለ ሰው ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ወደዚህች ደሴት መድረሱን ይተርካል፤ ከቤተ መቅደሶቿ በአንዱ ላይ እንደ ትልቅ የጥድ ፍሬ ያለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ የሚያበራ እሳት መሳይ ዕንቁ እንዳለም ጽፏል። ኮስማስ የትኛው ቤተ መቅደስ እንደሆነ አይናገርም። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ሹዋንዛንግ የተባለው ሌላው ቻይናዊ መነኩሴ፣ ደሴቲቱን ራሱ ባያያትም ህንድ ውስጥ ከሰማው፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ባለው የጥርሱ ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ከሩቅ እንደ ኮከብ የሚያበራ ቀይ ዕንቁ መኖሩን መዝግቧል። ሁለቱ ስለ አንድ ዕንቁ እየተናገሩ ከሆነ፣ የአክሱም ዘመን መርከበኞች የዚያን ቤተ መቅደስ ብልጭታ በዓይናቸው ሳያዩት አልቀሩም ማለት ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጸሐፊው የጠቀሱት ቃል በፓሊ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ቡድሃ ሊሞት ሲል ደቀ መዝሙሩ አናንዳን በዐፅሜ ጉዳይ አትድከሙ ብሎታል። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው ለመነኮሳቱ ነው። እዚያው አጠገቡ ምእመናኑ ዐፅሙን እንደሚያከብሩ፣ ለእርሱም በመንገድ መጋጠሚያ ላይ መታሰቢያ ሊሠራለት እንደሚገባ፣ አበባና ሽቱ የሚያቀርቡም በጎ ዋጋ እንደሚያገኙ ተጽፏል። ከሥርዓተ ቀብሩ በኋላም ዶና የተባለው ብራህማን ዐፅሙን ለስምንት ከፍሎ ሰጥቷል። ገጹን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ኖሮ ይህን ነጥብ ባላነሡት ነበር።

ወደ ነገሥታቱ እንምጣ። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ያንን ግማሽ ልስጣቸው። ጥርሱ የሥልጣን ምልክት ነበር። ዋና ከተማው ከአኑራዳፑራ ወደ ፖሎናሩዋ፣ ከዚያም ወደ ዳምባዴኒያ፣ ወደ ያፓሁዋ፣ ወደ ኩሩኔጋላ፣ ወደ ጋምፖላ፣ ወደ ኮቴ በተዛወረ ቁጥር ጥርሱም አብሮ ሄዷል፤ በየደረሰበትም ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቤት ተሠርቶለታል። በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የፓንዲያ ሠራዊት ያፓሁዋን ወርሮ ጥርሱን ወደ ደቡብ ህንድ በወሰደው ጊዜ፣ ሣልሳዊ ፓራክራማባሁ ራሱ ወደ ፓንዲያው ንጉሥ ሄዶ ደጅ ጠንቶ አስመልሶታል። የንጉሥ ክብር ያለ ጥርሱ እንደማይሞላ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም። ዛሬ በቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት የሚታየውና ሥዕሉ በየፖስት ካርዱ የሚወጣው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃም የመጨረሻው ንጉሥ ሽሪ ቪክራማ ራጃሲንሃ ለራሱ ክብር ያሠራው ነው፤ አሁን የዘንባባ ቅጠል ብራናዎች ተቀምጠውበታል።

የ1815ቱ ታሪክ ግን ጸሐፊው እንዳሉት አይደለም። እንግሊዞች በየካቲት ወር አጋማሽ ካንዲ ሲገቡ ያገኙት ባዶ ከተማ ነው፤ ንጉሡ ሸሽቷል፣ ጥርሱም ተሸሽጓል። ንጉሡ ከቀናት በኋላ ሲያዝ ጥርሱ በእጁ አልነበረም። መጋቢት 2 ቀን 1815 የተፈረመው የካንዲ ውል በአምስተኛው አንቀጹ የቡድሃ ሃይማኖት የማይደፈር መሆኑን አውጆ ነበር፤ ጥርሱ ከመሸሸጊያው ወጥቶ በታላቅ ዑደት ወደ ቤቱ የተመለሰው ከዚህ ቃል ኪዳን በኋላ በሚያዝያ ነው። ማለትም መኳንንቱና መነኮሳቱ ጥርሱን የመለሱት ተሸንፈው ሳይሆን ተዋውለው ነው።

ውሉ ሲሸረሸር ምን እንደሆነም እንመልከት። በ1817 በኡቫ አውራጃ ዐመፅ ተነሣ፤ ጥርሱም ከካንዲ በድብቅ ወጥቶ ወደ ዐመፀኞቹ ወገን ተወሰደ። በ1818 እንግሊዞች ዳግም እጃቸው ሲያስገቡት ዐመፁ መፍረስ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ የነበረው የሠራዊት ሐኪም ጆን ዴቪ፣ ጥርሱን በዓይኑ ካዩት ጥቂት አውሮፓውያን አንዱ ነው፤ የካንዲ ሰዎች እንግሊዞች አሁን በእርግጥ የአገሪቱ ጌቶች ሆኑ ይሉ እንደነበር ጽፏል። «አሁን» የምትለዋ ቃል ሚዛን ትደፋለች፤ ለሕዝቡ ንጉሡ የተማረከበት የ1815 ዓመት ሳይሆን ጥርሱ የተያዘበት የ1818 ዓመት ነበር ሽንፈቱ። እምነቱ ከንቱ መሆኑ ታየ የተባለው በዚያው በጸሐፊው ምሳሌ ውስጥ፣ እምነቱ ጦር ሜዳ ላይ ሲሠራ እናየዋለን።

ከዚህም በላይ ጥርሱ የነገሥታት መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከንግሥናው ጋር አብሮ መሞት ነበረበት። ንግሥናው ከተሻረ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የእንግሊዝ መንግሥት መጀመሪያ ራሱ ጠባቂ አቁሞ ነበር፤ ክርስቲያን መንግሥት እንዴት የጣዖት ቤት ይጠብቃል የሚለው የሚሲዮናውያን ጩኸት ሲበረታ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እጁን አወጣ። ቤቱ አልተዘጋም። ጥበቃው ለማልዋታና ለአስጊሪያ ገዳማት አለቆች እና ዲያዋዳና ኒላሜ ለሚባለው ምእመን ሹም ተላለፈ። ዛሬ ይህ ሹም በ1931 በወጣው ሕግ መሠረት ለአሥር ዓመት ይመረጣል፤ የሁለቱ ገዳማት መነኮሳት አገልግሎቱን በየተራ ይይዛሉ፤ ቁልፉም በሦስቱ ወገኖች እጅ ስለሆነ አንዱ ያለ ሌሎቹ ፈቃድ ጥርሱን ሊያወጣው አይችልም።

የዕለቱን ሥርዓት ላየ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ማለዳ፣ ረፋድና ማታ፣ በታችኛው አዳራሽ ወገባቸውን በነጭና በቀይ የታጠቁ ከበሮ መቺዎች ይቆማሉ፤ ከበሮውና ጥሩምባው ሲጀምር ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው እልፍኝ ይከፈታል። ነጭ የለበሱ ምእመናን ሎተስና የውኃ አበባ በመዳፋቸው ይዘው ተሰልፈው ይወጣሉ፤ በበሩ ትይዩ ሲደርሱ ጥርሱን ሳይሆን እርስ በርስ የተዋዋጡትን ሰባት ሙዳዮች የውጨኛውን፣ ያንንም ለቅጽበት ያህል ብቻ ያያሉ፤ አበባቸውን ከጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፣ ያልፋሉ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ መልካም መዓዛ ባላቸው ዕፅዋት የተዘጋጀ ውኃ ለማጠብ ሥርዓት ቀርቦ ከተፈጸመ በኋላ፣ ጠበል እንደምንቀበለው ሁሉ ለሕዝቡ ይታደላል። ሥርዓቱ የተቀረጸው ለንጉሥ እንደሚደረግ አገልግሎት ነው፤ ጥርሱ ይቀሰቀሳል፣ ይመገባል፣ ይታጠባል። ንጉሡ ከሄደ በኋላ ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ማን ለማን አገልጋይ እንደነበረ ያሳያል።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም የትናንቱን ጦርነት ወስዶ የሺህ ዓመት ታሪክ ያደርገዋል። ጥር 25 ቀን 1998 ከመንግሥት ጋር ይዋጉ የነበሩት የታሚል ነብሮች የተባሉት ታጣቂዎች ፈንጂ የጫነ መኪና በቤተ መቅደሱ በር ላይ አፈንድተው ከአሥር በላይ ሰዎች ገድለዋል፤ ለአገሪቱ ነፃነት 50ኛ ዓመት ታስቦ የነበረው የካንዲ በዓልም ወደ ኮሎምቦ ተዛውሯል። በሌላ ወገን ከ1972 ጀምሮ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ለቡድሃ ሃይማኖት የቅድሚያ ሥፍራ ሰጥቷል፤ ፕሬዚዳንቶችና ሚኒስትሮች በተሾሙ ማግሥት ወደዚህ ቤት ሲመጡ ካሜራው ይከተላቸዋል። ፖለቲካው ሥፍራውን ለአንድ ወገን ምልክትነት እንደተጠቀመበት ጸሐፊው ያሉት እውነት ነው። ሐሰቱ «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ነው።

በፖሎናሩዋ ፍርስራሽ መካከል በታሚል ቋንቋ የተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬም ቆሟል። ቀዳማዊ ቪጃያባሁ በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሞተ በኋላ፣ ቬላይካራ የሚባሉት የደቡብ ህንድ ወታደሮች ሙጋላን በተባለው መነኩሴ ጥያቄ የጥርሱን ቤተ መቅደስ እስከ ሞት እንደሚጠብቁ ቃል የገቡበት ሰነድ ነው፤ ቤቱንም በራሳቸው ጦር ስም ጠርተውታል። ታሚል ተናጋሪ ወታደሮች ለጥርሱ የማሉበት ሰነድ በታሚል ፊደል ተቀርጾ እያለ፣ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ ታሚሎችን ለማራቅ ቆመ ማለት ውኃ አያነሣም።

ከ1739 እስከ 1815 ካንዲን የገዙት አራት ነገሥታትም ትውልዳቸው ከደቡብ ህንድ የናያካር ወገን ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኪርቲ ሽሪ ራጃሲንሃ በ1753 ኡፓሊ የተባሉትን መነኩሴ ከነባልደረቦቻቸው ከሲያም (ከዛሬዪቱ ታይላንድ) አስመጥቶ በደሴቲቱ ተቋርጦ የነበረውን የምንኩስና ማዕርግ አስቀጥሏል፤ ዛሬ ጥርሱን የሚጠብቁት መነኮሳት በሙሉ የዚያ ሐረግ ልጆች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ንጉሡ ግንባሩ ላይ የሂንዱ አመድ ይቀባል በሚል ቅሬታ ጭምር መኳንንትና መነኮሳት በ1760 ሊገድሉት ተማክረውበታል፤ ስለዚህ ነገሩ ሁልጊዜ ፍቅር ብቻ ነበር አልልም። በዓመታዊው የኤሳላ ፔራሄራ ዑደት ግን ከጥርሱ ሙዳይ ኋላ የሚሰለፉት የናታ፣ የቪሽኑ፣ የካታራጋማና የፓቲኒ ቤተ ጣዖቶች ሰልፎች ናቸው፤ እንዲያውም ዑደቱ ቀድሞ የእነዚህ አማልክት ሆኖ ሳለ ጥርሱን ከፊት ያስቀደመው ያው ደቡብ ህንዳዊ ንጉሥ ነው። ደግሞስ በየካቲት 1989 በቤተ መቅደሱ ላይ መሣሪያ ያነሡት፣ ጄቪፒ የተባለው የግራ ክንፍ ድርጅት ዐማፅያን እነማን ነበሩ? ሲንሃላዎች ናቸው። ይህን ጸሐፊው አላነሡትም።

የቀረው የዝሆኑ ነገር ነው። በፔራሄራ ሌሊቶች የቤተ መቅደሱ ዝሆን የሚሸከመው ሙዳዩን እንጂ ጥርሱን አይደለም፤ ጥርሱ ከእልፍኙ አይወጣም፤ ይህንንም ካንዲ ውስጥ የሚሸሽግ የለም። ማንም አያየውም የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። ዴቪና ቴነንት በጽሑፍ ገልጸውታል፤ በ1828 በእንግሊዙ ገዢ በባርንስ ዘመን ለሕዝብ ታይቷል፤ በ2009 ታይቷል፤ ከዚያም ከ16 ዓመት በኋላ ከሚያዝያ 18 እስከ 27 ቀን 2025 ለአሥር ቀን ሲታይ ሰልፉ የከተማዋን መንገዶች ሞልቶ ሰው አስፋልት ላይ አድሯል።

በዝሆኖቹ አያያዝ ላይ ግን ጸሐፊው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክተው ያለፉት ቅሬታ ከጽሑፋቸው ሁሉ ጠንካራው ነበር። በ2019 ቲኪሪ የተባለች ሰባ ዓመት የሆናት ዝሆን አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታ በዑደቱ ልብስ ሥር ስትሄድ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ዓለምን አስቆጥተዋል፤ እንስሳዪቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞታለች። ሰንሰለቱ፣ ችቦው፣ የጅራፉ ጩኸትና የሌሊቱ ጉዞ ሃይማኖቱን በሚወዱ ስሪላንካውያን ዘንድ ጭምር አከራካሪ ሆኗል። ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ቢጽፉልን፣ እኔም ከሚያጋሩት አንዱ እሆናለሁ።